ለእንግዳው ስንዴ የተቀዳ ውሃ

ሰቆጣ በተመደብኩ ሰሞን ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም ነበር። ሥራዬ የስንዴ ዝርያዎችን ደጋውም ወይና ደጋውም ላይ እየዘሩ ማወዳደር ነው። የምንፈልገው ዘንድሮ አምርቶ ለከርሞ የሚያሳፍረውን አይደለም፤ ዝናብ ቢበዛም ቢያጥርም፣ የትም ቢዘራ ምርቱ የማይዋዥቀውን ነው።

ከአምደወርቅ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ላይ ባላቸው የሞተባቸው አንዲት ገበሬ አሉ። ደጃቸው ያለውን ማሳ ለሙከራ ሰጡንና አምስት ዝርያ በትንንሽ መደብ ዘራንበት። ሁሉም እኩል ይታረም፣ ከዝናብ በቀር ጠብታ ውሃ አይንካቸው ብዬ አስጠነቀቅኩ። እሳቸውም እሺ አሉ።

የዚያ ዓመት ዝናብ በነሐሴ መጨረሻ ቀጥ አለ። አራቱ መደብ ሲገረጣ፣ ከሩቅ አገር የመጣው አንዱ ዝርያ ግን እንደለመለመ ነው። ደስታዬን አልቻልኩትም። ማሳውን ሊያዩ ለተሰበሰቡት ጎረቤቶች ለከርሞ ዘሩን አመጣላችኋለሁ፣ ከእንግዲህ ይሄን ነው መዝራት ብዬ ፎከርኩ።

ሰው ሲበተን ሴትዮዋ እጄን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ፊታቸው ጠቁሯል። ለካስ መጀመሪያ የጠወለገው እሱ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ከምንጭ በጀሪካን እየቀዱ ሲያጠጡት ከርመዋል።

"ከሰው አገር መጥቶ ደጄ ላይ ሲጠማ ዝም ልበል? ነውር ነው" አሉኝ። "የአገሬው ስንዴ ለምዶታል፣ ይችላል። አንተ ግን ለሰው ልትሰጠው ነው። የሰው ልጆች በእኔ ጥፋት ይራቡ?"

ጉድ ፈላ! የዓመት ልፋቴ ገደል ገባ። ልቆጣ ዳድቶኝ ነበር። እኔም የሰው አገር ሰው ነኝ፤ እኒህ ሴት በሄድኩ ቁጥር ሳያበሉ ሰደውኝ አያውቁም። ምን ብዬ ልቆጣ? እንዲያውም ወደድኳቸው። ዝም ቢሉኝ ኖሮ ያን ሁሉ ጎረቤት የማይዘልቅ ስንዴ አስዘራው ነበር።

ሰዉን መልሼ ሰብስቤ ተሳስቻለሁ አልኩ፤ እሳቸውን አላነሳሁም። የማሳውን ውጤት ሰረዝኩት። አለቃዬ ያወረደብኝን እኔ ነኝ የማውቀው።

በዓመቱ ሙከራውን እንድገመው ብዬ ስሄድ አላንገራገሩም። ብቻ አንድ ነገር ለመኑኝ፤ መደቦቹን ሁሉ ከኮረብታው ወዲያ ወዳለው ማሳቸው እንድወስዳቸው።

"እዚህ ከሆነ አጠጣዋለሁ" አሉ። "ሲጠማ እያየሁ አያስችለኝም።"