ፓስወርድ በስልክ አይነገርም

እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል። ሰው በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ጠረጴዛው ላይ ላለ ኮምፒውተር ፈቃድ ለማኝ ይሆናል? እኛ ሆነናል። መርሳ ላይ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለው በእናቴ ቤት፣ ያውም በአረፋ ዕለት።

ኮምፒውተሩን የገዛችው እህቴ ናት። አረብ አገር ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። የእናቴ ዓይን መድከም ሲጀምር ወልድያ ወስጄ አሳየኋት፤ ሐኪሙ አንደኛው ዓይን አብቅቶለታል፣ ሌላውን ባለበት ለማቆየት እንሞክራለን አለን። ይህን ለእህቴ ስነግራት አለቀሰችና «በስልክ ካልታየኋት በትልቅ ስክሪን ትየኝ» አለች። ብር ላከች፤ ሰፊ ስክሪን ያለው ኮምፒውተር ተገዛ። ለሌላ ለምንም አልነበረም። እናቴ የቀረላት ብርሃን ሳያልቅ የልጇን ፊት እንድታይ ነው፤ በቃ።

ገዝቶ ያመጣው ታላቅ ወንድማችን ነው፤ ወንድም ጋሼ እንለዋለን። ወልድያ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ኮምፒውተር ይጠግናል። አልዋሽም፣ እጁ ያውቃል። ችግሩ እሱ ያልነካው ነገር ሁሉ የሚበላሽ ይመስለዋል። ኮምፒውተሩን እንዳስገባ ሦስት አካውንት ከፈተ፤ አንዱ የራሱ፣ አንዱ የእኔ፣ አንዱ የእናቴ። የእናቴ ፓስወርድ አይጠይቅም። ማንበብ ስለማትችል የእህቴን ፎቶ በትልቁ አደረገላት፤ እሱን ስትጫን የቪዲዮ መደወያው ይከፈታል። ይህን ሲያደርግ ከልቤ መርቄዋለሁ። በእኔ አካውንት ደግሞ የቀሚስ ፎቶዎች አሉ፤ ልብስ ሰፊ ነኝና ደንበኞቼ ሞዴል የሚመርጡት ከዚያ ነው። አድሚኑ ግን እሱ ብቻ ነው። አዲስ አፕ ለመጫንም ሆነ ያለውን አፕዴት ለማድረግ፣ የእሱ ፓስወርድ ካልገባ ወይ ፍንክች።

«ለምን?» ብዬ ጠይቄዋለሁ።

«አንቺ የመጣውን ሁሉ እሺ፣ እሺ እያልሽ ትጫኛለሽ። ቫይረስ ታስገቢያለሽ። ደግሞ አፕዴት ፓኬጅ ይበላል» አለኝ።

ፓኬጁን የሚሞላው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? እኔ! እሱማ ሲመቸው ቅዳሜ በሚኒባስ ይመጣል፣ አካውንቱን ከፍቶ ነካ ነካ ያደርጋል፣ ምሳውን በልቶ ይሄዳል። መደወያው አፕዴት ይፈልጋል የሚል ጽሑፍ በመጣ ቁጥር እነግረዋለሁ፤ «ተይው፣ ስመጣ አየዋለሁ» ይላል። ሲመጣ አያየውም። እኔም ያኔ አጥብቄ አልያዝኩትም፣ ምክንያቱም እህቴ አዲስ ቤት ገብታ አሠሪዋ ቪዲዮ ከልክላት ስለነበር ከረመዳን በፊት ጀምሮ መደወያውን የከፈተው የለም።

ለአረፋ ግን ተፈቀደላት። ለበዓሉ ትንሽ ጊዜ፣ ከዚያ በኋላም ጁምዓ ጁምዓ። ይህን ስነግራት እናቴ ተነስታ ቤቱን ዞረችው። እህቴ ቀደም ብላ ጨርቅ ልካላት ነበር፣ አረንጓዴ፣ ወርቃማ ክር ያለበት። ሰፋሁላት። የአረፋ ዕለት ከሰዓት በኋላ እሱን ለብሳ፣ ሽቶዋን ተቀብታ፣ ስክሪኑ ፊት ቁጭ አለች። ፎቶውን ራሷ ተጫነች።

አልተከፈተም። በፋንታው «ይህ አፕ ጊዜው አልፎበታል፤ ለመቀጠል አፕዴት ያድርጉ» የሚል መጣ። እሺ ብዬ ተጫንኩ። ወዲያው ሌላ ሳጥን ብቅ አለ፤ የወንድሜ ስም፣ ከሥሩ «ፓስወርድ ያስገቡ»። ወደ እኔ አካውንት ገባሁ፤ እዚያም ያው። አካውንቱ ይለያይ እንጂ አፑ'ኮ ለሁላችንም አንድ ነው። እናቴ «ምነው፣ አላነሳችም እንዴ?» ትላለች። «አብሽሪ እማ፣ አሁን ትመጣለች» እላለሁ።

ለወንድሜ ደወልኩለት። በዓሉን ሐራ፣ አማቶቹ ቤት ነው የዋለው። ከጀርባው ሰው ይሳሳቃል፣ ሳህን ይንኳኳል። «ኢድ ሙባረክ» ተባባልንና ነገሩን ነገርኩት።

«ፓስወርድ በስልክ አይነገርም» አለኝ።

የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እየቀለደ አልነበረም።

«ወንድም ጋሼ፣ እማ ለብሳ ተቀምጣለች'ኮ!»

«ሰማሁሽ። ግን ሕጉ ነው። ለአንድ ሰው ተነገረ ማለት ለሁሉም ተነገረ ማለት ነው። እሁድ መጥቼ ኢንሻአላህ ራሴ አስተካክለዋለሁ። ለዛሬ በስልክሽ ታናግራት።»

ሱብሃነላህ! ሕግ! እናትን የልጇን ፊት እንዳታይ የሚከለክል ሕግ ያወጣው የትኛው መሥሪያ ቤት ነው? ሌባ ነኝ እኔ? ሌባስ ብሆን ከዚያ ኮምፒውተር ምን ልሰርቅ ነው፣ የራሴን የቀሚስ ፎቶ? ይህን ሁሉ ልዘረግፍለት አፌን ስከፍት አንድ ሰው «ና እንጂ፣ ቀረበ!» ሲለው ሰማሁ፤ «በኋላ እደውላለሁ» ብሎ ዘጋው። መልሼ ደወልኩ፤ አያነሳም። ስልኬን ወርውሬ ብሰብረው ደስ ባለኝ፣ ግን የቀረን እሱ ብቻ ነበር።

እህቴ በስልኬ መጣች። እናቴ ስልኩን ወደ ደህናው ዓይኗ አስጠጋችው፣ አራቀችው፣ ይዛው ወደ መስኮቱ ዞረች። ምን እንደምታይ አውቃለሁ፤ ብርሃን ታያለች፣ ጥላ ታያለች፣ ከዚያ ወዲያ የለም። የእህቴን ፊት ያየሁት እኔ ነኝ። ጉንጯ ጎድጉዷል፣ አንገቷ ቀጥኗል፣ ግማሽ ሰው ሆናለች።

«አየሽኝ እማ?» አለች እህቴ።

«እንዴት አላይሽም የኔ ልጅ! ማሻአላህ፣ ወፍረሻል፣ አምሮብሻል» አለች እናቴ።

እናቴ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ትጠብቃለች። «አዎ እማ፣ እዚህ ምግቡ ጥሩ ነው» አለች እህቴ። አንዷ ላለማስከፋት ትዋሻለች፣ ሌላዋ ላለማሳዘን ትዋሻለች፤ ያዋሻቸው ሰውዬ ሐራ ላይ ሥጋውን ይበላል። ወላሂ እንደዚያን ቀን ሰው ላይ ተናድጄ አላውቅም።

እሁድ ሙዝ ይዞ መጣ። ሰላምታዬን በግማሽ አፌ ሰጠሁትና ወደ ስፌቴ ዞርኩ። ኮምፒውተሩን ከፈተ፣ ያ ሳጥን ሲመጣ ሊጽፍ ጎንበስ አለ፤ ሲጽፍ በግራ እጁ ከለል አደረገው። ከማን? ከእኔ! አጂብ ነው! ያኔ መቀሱን ጥዬ ተነሳሁ።

«ሸሽገው! ጥሩ አድርገህ ሸሽገው! እማ እህትህን ምን እንዳለቻት ታውቃለህ? ወፍረሻል ነው ያለቻት! ልጅቷ አጥንቷ ቀርቷል፣ እማ ወፍረሻል አለቻት! በአንተ ሕግ የተነሳ!»

መጀመሪያ «ምን ያስጮህሻል?» ሊል ነበር፤ ነገሩ ሲገባው እጁ ኪቦርዱ ላይ ቀረ። ወደ እናቴ ዞረ። እሷ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የሙስባሃዋን ዶቃ ትቆጥራለች።

«እውነት ነው እማ?»

«ምን ልበላት ታዲያ? አላየሁሽም ልበላት፣ በሰው አገር?» አለችው። ቀጥላ «ይሄን ዕቃ ማን ገዛው?» አለች።

«እሷ» አለ።

«እንግዲያው ቁልፉን ለእኔ ስጠኝ።»

«እማ፣ ፓስወርድ እኮ ይጻፋል…»

«ቁጥር ይሆናል?»

«ይሆናል።»

«የሁላችሁንም ስልክ በቃሌ ይዤ የለም እንዴ? ቁጥር እነግርሃለሁ፣ እሱን አድርገው።» ብላ ጮክ ብላ ቁጥሯን ትጠራለት ጀመር። በሩ ክፍት ነው፤ ጎረቤታችን በዓሉን ልትጠይቅ መጥታ ደፉ ላይ ቆማለች።

«ቀስ በይ እንጂ እማ፣ ሰው ይሰማል!»

«ከማን ልደብቀው?» አለች እናቴ፣ ቁጥሩን እንደገና ከመጀመሪያው ጀምራ።

ጎረቤታችን ምንም ሳይገባት «ኢድ ሙባረክ» ብላ ገባች። ወንድሜ ፊቱ እንደጠቆረ የተባለውን ጻፈ። መደወያውን አፕዴት አደረገ፣ ቆሞ እስኪጨርስ ጠበቀ፣ ምሳም ቁጭ ብሎ አልበላም። ይቅርታ አላለም፤ እኔም አላባበልኩትም። ንዴቴ ገና አልወጣልኝም ነበር።

ጁምዓ ከሰዓት በኋላ እናቴ ያንኑ አረንጓዴ ቀሚስ ለበሰች። ሰዓቱ ሳይደርስ ከፈትነው። ያ የተረገመ ሳጥን ደግሞ መጣ! አዲስ አፕዴት አለ ይላል። ያለፈው ነገር ሁሉ ትዝ አለኝ። እናቴ ግን ምን እንደሆነ እንኳ ሳትጠይቀኝ ቁጥሩን ትጠራልኝ ጀመር፤ እየተከተልኩ ጻፍኩ፤ አፕዴቱ ሞላ፣ መደወያው ተከፈተ። ትንሽ ቆይቶ ጠራ። እህቴ ስክሪኑን ሞልታ መጣች።

እናቴ ወንበሯን ሳበች። ደህናውን ዓይኗን አስጠግታ ከግንባሯ ጀምራ ወደ ታች አየቻት፤ አላህ ይመስገን ለማለት እንኳ አልቸኮለችም። ጣቷን አንስታ መስታወቱ ላይ፣ የጎደጎደው ጉንጯ ላይ አሳረፈችው።

«ምነው እንዲህ ከሳሽ?» አለች፣ ቆጣ ብላ። «ምን ሆነሻል? አያበሉሽም እንዴ?»

እህቴ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ እንባዋ ደግሞ ይወርዳል።

«አየሽኝ» አለች። «እማ፣ አሁን አየሽኝ።»