የሦስት ፍየል ድምር

ኤክሴል እንደዚያ ቀን ንቆኝ አያውቅም። ሥራዬ ቆቦ ውስጥ የእንስሳት ክትባት ማስተባበር ነው። በሮቢት በኩል ያለ የአንድ ቀበሌ ፍየሎችን ብዛት እስከ ስድስት ሰዓት ካልላክሁ ክትባቱ ለሌላ ቀበሌ ሊሰጥ ነው። ኮለሙ ከላይ እስከ ታች በቁጥር ተሞልቷል፤ ደምር ስለው ግን «3» ብሎኝ ቁጭ!

መልሼ ደመርኩ፤ ሦስት። ዘግቼ ከፈትኩ፤ ሦስት። እልህ ያዘኝ። ዛሬ ወይ እኔ ወይ እሱ አልኩና፣ ሴሉ ውስጥ ያለው ቁጥር መሆን አለመሆኑን የሚለየውን «ኢዝ ነምበር» የሚባል ፎርሙላ በየረድፉ አስገባሁ። ፎልስ፣ ፎልስ፣ ፎልስ... መሐል ላይ አንዲት ትሩ፤ እኔው ራሴ የመዘገብኳቸው የእናቴ ሦስት ፍየሎች።

ሌላውን ሁሉ የመዘገበችው ባልደረባዬ እትዬ ጦይባ ናት። ጠባቡን ኮለም ጎትቼ ሳሰፋው ተሸፍኖ የነበረው ወጣ፦ «40 ማሻአላህ»፣ «25 ማሻአላህ»፣ እንዲህ እያለ እስከ ታች።

«እትዬ ጦይባ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«የሰው ፍየል እንዲሁ ባዶውን ይቆጠራል እንዴ? ዓይን አለ እኮ!»

ሰዓቱ እየሄደ ነው። ለማሻአላህ ብቻ አዲስ ኮለም ከፍቼ ቃሉን ከቁጥሩ ለየሁት። ድምሩ ተስተካከለ። ልልከው ስል ግን በአዲሱ ኮለም ውስጥ አንድ ባዶ ሴል አየሁ፤ የእናቴ ረድፍ ነው። እናቴ የማርያም ጽዋ ጠጪ ናት።

እትዬ ጦይባ ዞር እስክትል ጠብቄ «ማሻአላህ» ብዬ ሞላሁት።