በሰው ስም የተቀበረችው

ካርቱም፣ ዐማራት ሰፈር ውስጥ የማጸዳው ቤት የአንድ ሽማግሌ ጣሊያናዊ ነበር። የጥንት ታሪክ ሲያስተምሩ ነው ያረጁት። መጽሐፍ ቤታቸው ውስጥ ክዳን ያላት ትንሽ የእብነ በረድ ሣጥን ነበረች። የስኳር ዕቃ መስላኝ የአቧራ ጨርቄን ስከትባት ከረምኩ። አንድ ቀን አዩኝና ሳቁ። ሮማውያን ሬሳ አቃጥለው አመዱን የሚያኖሩባት ናት ሲሉኝ ጨርቄን መንጭቄ አውጥቼ ሦስት ጊዜ አማተብኩ።

ፊቷ ላይ የተቀረጸውን አነበቡልኝ። ሟቿ ባሪያ ነበረች፤ ያሠራላትም አብሯት ያገለግል የነበረ ባሪያ ነው። ስሟ አለ። ሃያ ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ከዐሥራ አንድ ቀን ኖረች ይላል።

"ቀኑ ሳይቀር?" አልኳቸው። እውነቴን ነው፣ ቀናሁባት።

ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር አብራኝ የምትኖረው ልጅ እዚያው ካርቱም፣ አል-ጣኢፍ ሰፈር ሰው ቤት ትሠራ ነበር። እንደ ብዙዎቻችን የምትኖረው በሰው መታወቂያ ነው፤ ወደ አገሯ የተመለሰች ሴት ትታላት የሄደችው። ወባ በአራት ቀን ወሰዳት። የሆስፒታሉ ወረቀትም በዚያው ስም ወጣ።

መቃብሩ ዘንድ የአገር ልጆች የእንጨት መስቀልና ቀለም ይዘው ቆሙ። አንድ ፖሊስ ወረቀቱን ያገላብጣል። የእኔም መታወቂያ የራሴ አልነበረም።

"እህቴ፣ ስሟን ማን ልበል?" አለኝ ቀለም የያዘው።

"ቢጣቃው ላይ ያለውን ጻፍ። ያላ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ።"

ዕድሜዋንም ከዚያው መታወቂያ አነበብኩለት፤ ዘጠኝ ዓመት ጨመርኩባት። የተወለደችው ለኅዳር ሚካኤል እንደሆነ አውቃለሁ፤ ዳቦ አብረን ቆርሰናል። ፈሪ ለእናቱ ነው ይባላል። እኔ ግን ፈርቼ የሰው እናት በደልኩ።

ማረም እችል ነበር። አንድ ጣሳ ቀለም ነው። በሚቀጥለው ዓርብ፣ ኢንሻላህ እያልኩ ስጎትተው ጦርነቱ መጣ፤ ከካርቱም ወጣን።

ባለፈው ሳምንት እናቷ ደወሉ።

"ልጄ፣ የመቃብሯን ፎቶ ላኪልኝ እንጂ።"

"እማማ፣ ምን ያደርግልዎታል? ማልቀስ ነው ትርፉ።"

"ፊደል እንዳልቆጠርኩ ታውቂያለሽ። ጎረቤቴ የስሟን ፊደላት ብቻ አስለመደችኝ። ራሴ ላንብባት ብዬ ነው።"

ፎቶው ስልኬ ውስጥ አለ። ጠፋብኝ አልኳቸው።