ሊጠይቅ ሳይሆን ሊኖር

ልጅ ሳለሁ ዓይኔ ከእግሬ ቀድሞ ሰው ቤት ይገባ ነበር ይላሉ፤ አልክድም። ዛሬም ደጄ ላይ ቁጭ ብዬ ሽንኩርት እየላጥኩ ማን ምን ይዞ እንደገባ፣ ማን ምን ይዞ እንደወጣ አያለሁ፤ ወሬኛ ቢሉኝም አልቀየምም። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ስለዚህ የምጽፈው እንደማወራው ነው። ያየሁትን ግን አልረሳም፤ አንዳንዱን ብረሳው በወደድኩ።

ያኔ የምንኖረው ከአሶሳ ከተማ ወጣ ብሎ፣ በስም ሳይሆን በቁጥር ከሚጠሩት የሰፈራ መንደሮች በአንዱ ነበር። ወላጆቼ በድርቁ ጊዜ ከወሎ ተጭነው የመጡ ናቸው። አባቴን በመጀመሪያው ክረምት ወባ ወሰደው፤ እኔ፣ ዘቢደር፣ የተወለድኩት እሱ ከተቀበረ በኋላ ነው። ክርስትና ያነሳኝ አያ እሸቴ ነው። አያ እሸቴ የአባቴ የአገር ልጅ፣ ግድግዳ ለግድግዳ የምንዋሰን ጎረቤታችን፣ ከዚያም በላይ አራሻችን ነበር። እናቴ አንድ በሬ ነበራት፣ እሱም አንድ በሬ ነበረው፤ ሁለቱን ያቀናጅና መጀመሪያ የእኛን፣ ቀጥሎ የራሱን ያርስ ነበር። አባት ማለት እንዲህ ያለ ሰው ነው ብዬ ነው ያደግኩት።

ታዲያ የነቢያት ጾም ሲገባ፣ ማሽላው ከተሰበሰበ በኋላ፣ የመንደሩ ልጆች ሁሉ ማታ ማታ እሱ ግቢ እንሰበሰባለን። በዚያ ወቅት ሣሩ የሚቃጠልበት ጊዜ ስለሆነ ከሩቅ ኮረብታው ላይ እሳቱ እንደ ቀይ ክር ተዘርግቶ ይታያል፤ ጭሱ እየተንከባለለ መጥቶ ከእኛ ጭስ ጋር ይቀላቀላል። እሳታችን የሸምበቆ ነበር፤ ሸምበቆ ደግሞ አንጓው ሲፈነዳ እንደ ጥይት ይጮሃልና በጮኸ ቁጥር እርስ በርስ ተቃቅፈን እንስቃለን። የእሸቴ ሚስት፣ እታለም ጥሩ፣ ኩራዙን በር ላይ ታንጠለጥላለች። (ጋዙ እንዳያልቅባት ክሩን ዝቅ አድርጋ ነበር የምታበራው፤ እሷን ሴትዮ ለጋስ የሚላት አልነበረም።) ከወንዙ ማዶ ካለው የበርታ መንደር ለውዝ እየሸጠች የምትመጣው ሐዋም፣ መሽቶባት እናቴ ዘንድ ያደረች እንደሆነ፣ ሻሿን ሰብሰብ አድርጋ ከእሳቱ ዳር ትቀመጣለች። አያ እሸቴ ስለ እመቤታችን ሲያነሳ፣ «ማሪያም የኛም ነው፤ ወላሂ፣ እኛም እናውቃል» ትላለች። እሱም ይስቅና፣ «እንግዲያ ከተሳሳትኩ አርሚኝ፣ ሐዋ» ይላታል።

ተረቱ፣ ተረት ካልነው፣ ሁሌም የሚጀምረው ከአዳም ነው።

«አዳም ማለት የመጀመሪያው ሰፋሪ ነው» ይለናል። «ከአገሩ ወጣ። የማያውቀው መሬት ላይ ጣሉት። እሾህና አሜኬላ ሰጡት፤ ትራክተር እንኳ አልሰጡትም!» እንስቃለን፤ የደርጉ ትራክተር መንግሥት ከተለወጠ ጀምሮ ከመጋዘኑ ጎን ቆሞ ዶሮ እንደሚያድርበት እናውቃለንና። «አዳም ተቀምጦ አለቀሰ። እግዚአብሔርም ልቅሶውን ሰምቶ ቃል ሰጠው። 'ከልጅ ልጅህ እወለዳለሁ፤ ራሴ መጥቼ አወጣሃለሁ' አለው። አዳም ያችን ቃል ይዞ ኖረ። ልጆቹም ያችን ቃል ይዘው ኖሩ። ዘመን ሄደ፣ ንጉሥ መጣ፣ ንጉሥ ሄደ፤ ቃሏ ግን አልታጠፈችም።»

ከዚያ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ እኛም ወደ ፊት እናጎነብሳለን።

«ለምን ራሱ መጣ? የሚልከው መልአክ አጥቶ ነው? እንደነዚያ ካድሬዎች ከላንድሮቨር ሳይወርድ፣ በድምፅ ማጉያ 'አይዟችሁ' ብሎን መሄድ አይችልም ነበር? ይችል ነበር። ግን ወረደ። የእኛን ሥጋ ለበሰ። ሰማይና ምድርን የያዘው በእናቱ ክንድ ተያዘ፤ በረደው፣ አለቀሰ፣ ጡት ለመነ። ልጆቼ፣ ይህን ልብ በሉ። ሊጠይቀን ቢሆን ኖሮ ትልቅ ሰው ሆኖ መጥቶ ማታውን ይመለስ ነበር። ሕፃን ሆኖ የሚመጣ ሰው ሊጠይቅ ሳይሆን ሊኖር ነው የመጣው።»

አንድ ማታ እኔ፣ «አያ፣ ጌታንም ወባ ይዞት ያውቃል?» ብዬ ጠየቅኩት። ልጆቹ ሳቁብኝ። እሱ ግን አልሳቀም፤ ለምን እንደጠየቅኩ ገብቶታል። ፍሙን በእንጨት ቆሰቆሰና፣ «እኛን የሚይዘን ሁሉ እሱንም ሊይዘው ይችል ነበር፤ ከኃጢአት በቀር» አለኝ። «አባትሽ ሲያተኩሰው ብቻውን አልነበረም፤ ትኩሳት ምን እንደሆነ የሚያውቅ አምላክ አጠገቡ ነበረ።» ያንን ማታ ተኝቼ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አባቴን ሳስብ አልፈራሁም።

እንግዲህ ያ ሰው ነው።

ያን ዓመት አሶሳ አዲስ የክልል ከተማ ሆናለች፤ አዲስ ባንዲራ፣ አዲስ ማኅተም፣ ከየአገሩ የተመደቡ አስተማሪዎችና የቢሮ ሠራተኞች ይርመሰመሱባታል። እኛ ዘንድ የሚደርሰው ግን ወሬ ብቻ ነበር። አንዱ፣ «ሰፋሪ ይመለሳል ተብሏል» ይላል፤ ሌላው፣ «መሬቱ ለባለቤቶቹ ነው፣ እናንተ እንግዳ ናችሁ» መባሉን ሰምቶ ይመጣል። ማን እንዳለው የሚያውቅ የለም። ሰዉ ግን ፈራ። ዛሬ አንድ ቤት ይዘጋል፣ ነገ ሌላው ይዘጋል፤ የጭነት መኪና እየተከራዩ ወደ ወሎ ይመለሳሉ። አጎቴም ጓዙን ሲጭን ለእናቴና ለእኔ ቦታ ይዞ፣ «ነይ እንጂ፣ ከዚህ ምን ቀረሽ?» አላት።

እናቴ ሮጣ ወደ አያ እሸቴ ሄደች። እኔም ቀሚሷን ይዤ ተከተልኳት።

«አያ እሸቴ፣ ቁርጡን ንገረኝ። ትሄዳለህ ትቀራለህ?»

«የክርስትና ልጄን ጥዬ? የወንድሜን መቃብር ጥዬ?» አላት። «እቴ፣ ከቀረን አብረን፣ ከሄድን አብረን። እኔ ሳልነግርሽ እግሬን አላነሳም።»

እናቴ ተመልሳ ወንድሟን ሳመችውና ሸኘችው። የመኪናው አቧራ እስኪጠፋ ቆማ ካየች በኋላ፣ «አያ እሸቴ ካለ እኔም አለሁ» አለች፤ ማንም ሳይጠይቃት።

ከዚያ በኋላ ነው የእኔ ዓይን ሥራውን የጀመረው። መጀመሪያ የአያ እሸቴ በሬ ከበረት ጠፋ። «ባምባሲ ዘመድ ዘንድ ለግጦሽ ሰደድኩት» አለ። ቀጥሎ አህያው በየገበያው ቀን ማሽላ ተጭኖ እየሄደ ባዶውን ይመለስ ጀመር፤ ማሽላ የሸጠ ሰው እንዴት ጨው እንኳ አይገዛም? ከዚያ ደግሞ እታለም ጥሩ፣ ያቺ ቆንቋና፣ ገብስ ከከተማ አስመጥታ በሶ ስትወቅጥ አየኋት፤ ቤቷ ለሚውል ሰው የማይሆን፣ ለመንገድ የሚሆን በሶ፣ በስልቻ። ይህን ሁሉ በሆዴ ይዤ ሳለሁ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በአጥሩ ቀዳዳ ሳይ፣ አያ እሸቴ የበሩን ማጠፊያ ብረት ፈትቶ በጨርቅ ሲጠቀልል፣ በሩን ደግሞ በገመድ ሲያስር አየሁት። በዚያ አገር ማጠፊያ ብረት በቀላሉ አይገኝም። ሊቀመጥ ያሰበ ሰው ከገዛ በሩ ላይ አይነቅለውም።

ለእናቴ ነገርኳት። የመለሰችልኝ በጥፊ ነው።

«ሰው ጓዳ የምትልከሰከሺ! የክርስትና አባትሽን ታሚልኛለሽ?»

ይባስ ብሎ ማታ፣ ተረቱ ሳይጀመር፣ በሰው ሁሉ ፊት እየሳቀች ነገረችው። «አያ እሸቴ፣ ጉድህን ስማ። ይቺ ልጅህ አንተን ወሎ አድርሳ መልሳሃለች! ማጠፊያህን ነቅለሃል አሉ!»

ሁሉም ሳቀ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሱም ሳቀ፤ ሳቀና እጁን ራሴ ላይ አደረገ። «ዓይናማዋ ልጄ! ዝጎ እየጮኸ እንቅልፍ ነሳኝ፤ ዘይት ልቀባው አውጥቼው ነው» አለ። ከዚያም ስለ ልደት ተረከልን። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ እንደዚያን ማታ አሳምሮ ተርኮ አያውቅም። ቃሏ ዘመን እየተሻገረች ስትመጣ፣ ሕፃኑ በግርግም ተኝቶ በሬና አህያ ሲያሞቁት፣ እረኞቹ እየሮጡ ሲመጡ በዓይናችን አየን። «ሊጠይቅ ሳይሆን ሊኖር» ሲል ዓይኑ እንባ ሞላ። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገች። እኔም አፈርኩ፤ እንዲህ ያለውን ሰው መጠርጠሬ ቆጨኝ።

ለገና ዋዜማ ሚስትና ልጆቹን አስከትሎ፣ «ስለት አለብኝ፤ ከተማ አስቀድሼ ጠዋት እመለሳለሁ፣ አብረን እንገድፋለን» ብሎ ሄደ። በየዓመቱ የምንገድፈው እሱ ቤት ነበር። እናቴ ያሳደገቻትን አንዲት ዶሮ አረደች። ጠዋት የመንደራችን ቅዳሴ እንዳበቃ ድስቱን በነጠላ ጠቅልላ ተሸከመች፣ እኔ እንጀራውን ያዝኩ፤ በሩ በገመድ ታስሮ ስላገኘነው ደጃፉ ላይ ተቀመጥን። ምድጃው ከርሞ የቆየ ይመስል አመዱን ነፋስ ይበትነዋል። ፀሐይ ወጣች፣ ሞቀች። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱት ጎረቤቶች፣ «ምነው ደጅ?» ይሉናል። እናቴ፣ «የከተማ ቅዳሴ ይረዝማል» ትላቸዋለች።

ወሬውን ያመጣችው ሐዋ ናት። ከከተማ በእግሯ መጥታ፣ የለውዝ ስልቻዋን ከራሷ ሳታወርድ ቆመች።

«እሸቴ መኪና ላይ ወጣ» አለች። «ሚስቱ ወጣ፣ ልጁ ወጣ፣ እቃው ሁሉ ወጣ። ለውዝ ከኔ ገዛ። እኔ ጠየቀ፣ 'የዘቢደር እናትስ?' እሱ አለ፣ 'እሷ አገሩን ወዶታል፣ አይሄድም።'»

እኔ የጠበቅኩት ጩኸት ነበር፤ ጎረቤት የሚሰበስብ፣ ደረት የሚያስመታ። እናቴ ግን ተነሳች፣ ገመዱን ፈታች፣ ባዶው ቤት ገባችና መሬት ላይ ተቀመጠች። «ግቡ» አለችን። «ጾም ውለን አናድርም።»

ድስቱን ከፈተች። በእኛ ቤት ፈረሰኛው፣ የዶሮዋ ምርጥ ብልት፣ በየገናው የሚወጣው ለአያ እሸቴ ነበር። እናቴ ጨልፋ አወጣችውና በእኔ በኩል አስቀመጠችው። አላየችኝም። ስለ ጥፊው አንድም ቃል አልተናገረችም፤ እስከ ዕለተ ሞቷም አልተናገረችም። እኔ ግን ገባኝ። ፈረሰኛውን የበላሁት ልክ በመሆኔ ነው፤ በየጉርሻው ምነው ተሳስቼ በነበር፣ ምነው አሁን በዚያ በር ስቆ በገባና ውሸታም ባስባለኝ እያልኩ አለቀስኩ።

ሐዋ ሥጋችንን አትበላም። ግን አልሄደችም። ገበያዋን ትታ እናቴ አጠገብ ተቀመጠችና ለውዝ እየፈለፈለች በእጇ ላይ ታደርግላት ነበር፤ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ። ያኔ እንደ ቀላል ነገር ነበር የቆጠርኩት።

ክረምቱ ሲመጣ በሬያችን ብቻውን ምን ያርሳል? ተሸጠ። እናቴ በመቆፈሪያ ቆፈረች፣ እኔም ከትምህርት ቤት ቀርቼ ከኋላዋ ዘራሁ፤ አራተኛ ክፍል ላይ የቆምኩት ለዚያ ነው። የአጎቴን መኪና እንድታሳልፍ ያደረጋት የአያ እሸቴ ቃል ነው፤ ቃሉን ያመነችው ደግሞ ከዚያ ተረት ጋር ስለሰማችው ነው። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ መሄዱ አይደለም። ብዙ ሰው ሄዷል፤ ፈርቶ የሄደን ሰው አልፈርድበትም። የእኔ ነገር፣ ማጠፊያው በጨርቅ ተጠቅልሎ አልጋው ሥር እያለ፣ እንዴት አድርጎ ስለማይታጠፍ ቃል አለቀሰ? ያ እንባ ውሸት ነበር? ወይስ እውነት ሆኖ ሳለ አልከለከለውም? የትኛው እንደሚብስ አላውቅም።

ኋላ ከወሎ የመጣ ሰው፣ አያ እሸቴ እዚያም በጾሙ ልጆች ሰብስቦ እንደሚተርክ፣ ሰዉም እንደሚወደው ነገረን። እናቴ ሰምታ፣ «ይተርክ» አለች።

እኔ ሃይማኖቴን አልተውኩም። እናቴ በሰው በተከዳችበት ቀን ብቻዋን እንዳልነበረች አምናለሁ፤ ሐዋንም አስታውሳለሁ፤ ጌታ መጥቶ አብሮን መኖሩንም አምናለሁ። ገና ሲደርስ እኔም በተራዬ ለልጆቼ ስለ አዳም፣ ስለ ቃሏ፣ በእናቱ ክንድ ስለተያዘው ሕፃን እነግራቸዋለሁ። ግን ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ታሪኩን ከእሱ ሌላ ከማንም እንዲህ አድርጌ አልሰማሁምና፣ ስተርከው በጆሮዬ የሚመጣው የእሱ ድምፅ ነው። ቄሱ ሲያነቡትም የእሱ ድምፅ ነው። አምላክ ከእኛ ጋር ሊኖር መምጣቱን የነገረኝ፣ ጥሎን የሄደው ሰው ነው። ሌላ ድምፅ ብለምንም አልመጣልኝም። እንግዲህ በዚያው ድምፅ አምናለሁ፤ ይቅር ግን ገና አላልኩትም።