ኮምፒውተሩ ያላመነው ሞት

ቤዛዊት ሸዋ ሮቢት ውስጥ ሙቀቱን ወዲያ ወዲህ ከማመላለስ በቀር ፋይዳ በሌለው ቬንቲሌተር ሥር ተቀምጣ ኮምፒውተር ታስተምራለች። ተማሪዋ ኮምፒውተሩ ራሱ ነው፤ ፊደል ቆጥሯል። ኢንተርኔት ላይ የተጻፈውን አማርኛ ሲያነብ ይውልና «ይህ እውነት ነው» ያለውን እየለቀመ ያቀርብላታል፤ እሷ «ልክ» ወይም «ስህተት» ትላለች። አንድ ነገር ሦስት ቦታ ተጽፎ ካገኘው አለቀ፣ አመነ። ሦስቱ አንዱ ካንዱ ቢገለብጡም ግድ የለውም። በዚህ ጠባዩ ቀበሌ ስብሰባ ቢገባ ሊቀ መንበር ሆኖ በወጣ ነበር።

በ2008 ዓ.ም. አንድ ቀን እንዲህ ሲል አቀረበላት፦ «በሮቢት ዙሪያ በደረሰው ጎርፍ በሰው ሕይወት ላይ ጉዳት አልደረሰም።»

ወንድሟ ደረጄ የሞተው በዚያ ጎርፍ ነው። ሽንኩርቱን የሚያጠጣበትን ፓምፕ ከወንዝ ዳር ሊያነሳ ወርዶ ደራሹ ወሰደው። በማግስቱ ከታች፣ ከቁጥቋጦ መሀል አወጡት።

«ስህተት» አለች። የሥራው ኃላፊ ሚልኪያስ፣ ካዲስ አበባ ዲግሪና መነጽር ይዞ የመጣ ጎረምሳ፣ ጠራት።

«ቤዚ፣ ሦስት ድረ ገጽ የጻፈውን እኮ ነው ስህተት ያልሽው።»

«ወንድሜን ቀብሬያለሁ።»

«ነፍስ ይማር። ግን አንቺ እዚህ አራሚ ነሽ እንጂ ምስክር አይደለሽም። እሱ የሚያውቀው የተጻፈ ነው። ሞተ የሚል ጽሑፍ አምጪና ይመን። ካላመነ ሰኞ ወይ ‹ልክ› ትያለሽ፣ ወይ ወንበሩን ትለቂያለሽ።»

ጽሑፍ! ገበሬ ሲሞት ማን ጽፎ ያውቃል? የመንግሥት መግለጫ ሁሉ በተመረቀ ድልድይ የተሞላ ነው፤ ሬሳ ደግሞ አይመረቅም።

ዜናውን መጀመሪያ ያወጣውን ጋዜጠኛ አፈላልጋ ደወለችለት። አልዋሸም። «በሰፈሩ ሰው በሰጠኝ ቁጥር እትዬ ፀሐይ የሚባሉ እናት ጠይቄ ነበር። ደህና ነን ነው ያሉኝ» አላት።

እትዬ ፀሐይ እናቷ ናቸው። በባጃጅ ስትደርስ ጥቁራቸውን እንደለበሱ ማሾ ይለቅማሉ።

«እማዬ፣ ያን ሰሞን አንድ ጋዜጠኛ ደውሎልሽ ነበር?»

«ደወለ። ደህና ናችሁ ወይ አለኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን አልኩት። ሌላ ምን ይባላል? ለማላውቀው ሰው በስልክ መርዶ ልናገር? ከዚያ ስለ ከብቱ ጠይቆኝ ዘጋ።»

የአካባቢው፣ የይፋት ሰው የለቅሶው ድንኳን ሳይነቀል «እንደምን ናችሁ» ቢሉት አምላኩን ያመሰግናል። ጋዜጠኛው ጨዋነታቸውን ዜና አደረገው፣ ሌሎቹ ሁለት ድረ ገጾች ገለበጡት፣ ኮምፒውተሩ ዕውቀት ብሎ ያዘው።

ቤዛዊት ለጋዜጠኛው መልሳ ደወለችና ስልኩን ለእናቷ ሰጠች።

«እንደምን ነዎት፣ እናቴ?»

ለዚህ ጥያቄ እትዬ ፀሐይ ዕድሜያቸውን ሙሉ አንድ መልስ ብቻ ነበራቸው። ምስጋናው ከንፈራቸው ላይ ደርሶ ተመለሰ።

«ደህና አይደለሁም» አሉ። «ልጄን ውሃ ወስዶብኛል። ደረጄ ይባላል። ጻፈው።»

ጻፈው፤ የቀድሞውን ዜና ግን አላነሳም። ሰኞ ጠዋት ኮምፒውተሩም አነበበው፤ ግን አንድ ለሦስት ሆነበትና የድሮውን ይዞ ቀረ። ቤዛዊት «ልክ» አላለችም። ከሰዓት በኋላ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ተቀመጠ።

ቤት ስትገባ እናቷ ከማሾው ቀና አሉ።

«አመነ?»

«አንድ ሰው ብቻ ነው የጻፈው ብሎ እምቢ አለ።»

እትዬ ፀሐይ እጃቸውን በነጠላቸው ጠርገው ስልኩን ተቀበሏት።

«የእነዚያን የገለበጡትን የሁለቱን ቁጥር አውጪልኝ።»