የውድነሽ አስታራ

ውድነሽ ከቸሃ ለትዳር ወደ ቡታጅራ ስትመጣ እናቷ ከጓሮዋ የአስታራ ችግኝ ነቅለው አስያዟት። አስታራ የእንሰት ዓይነት ነው። አጥንቱ የተሰበረ ሰው አሚቾውን፣ ማለትም አፈር ውስጥ ያለውን ወፍራም ሥሩን፣ ቀቅሎ በወተት ከበላ ይጠገናል ይባላል። “ይባላል” የሚለው ለሩቅ ሰው ነው፤ በሰፈሩ ይህን የሚጠራጠር አጥንቱ ያልተሰበረ ብቻ ነበር።

አስታራ አይሸጥም፣ ለተሰበረም አይከለከልም። ፈላጊውም አፍ አውጥቶ አይለምንም፤ ባዶ የወተት ቅል ይዞ ደጃፍ ላይ ይቆማል፣ ባለቤቷም አይታ ትቆፍርለታለች።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። በከተማው ክሊኒክ የነበረው አንድ ቁስል አሳሪ ድሬሰር፣ መርፌ መቀቀያና አልፎ አልፎ የሚመጣ ጄሶ ነው። ድሬሰሩ ሙሀመድአወል የተሰበረውን በጄሶ ካሰረ በኋላ ግድግዳ ግድግዳውን እያየ፣ “በሉ እንግዲህ፣ ወደዚያች ሴትዮ ዘንድ ሂዱ” ይላል። ያልተማረውን ለማዘዝ ያፍራል፤ ሳያዝዝ መቅረትም ይፈራል።

እንዲህ እያለ የውድነሽ ጓሮ ሳሳ። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል፤ ሰው ለመሰበር ግን አፍታ ይበቃዋል። ባሏ ከሞተ በኋላ ደግሞ አጥሯን የሚያጠብቅላት ጠፋ። አንድ በጋ የጎረቤቷ የባዩ ከብቶች ጥሰው ገቡና ለጋውን ችግኝ ሁሉ ጨረሱት። ባዩ ሽማግሌ ፊት ቀርቦ “የእኔ ከብቶች አይደሉም” ብሎ ማለ። ምስክር አልነበራትም። ሆድ ይፍጀው ብላ ተመለሰች፤ ሰላምታዋን ግን ነሳችው።

አንድ አስታራ ብቻ ቀራት። አሚቾው ተሰንጥቆ ሲቀበር ችግኝ ይሰጣልና ልትቀብረው አሰበች። ይህ ከጠፋ የእናቷ ዘር በእጇ ላይ ሊያልቅ ነው።

በዚያው ሰሞን ባዩ ጣሪያ ሲከድን ወድቆ ቅልጥሙ ተሰበረ። በማግስቱ ሚስቱ አዛለች የወተት ቅል ይዛ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ ከውድነሽ ደጃፍ ቆመች።

ውድነሽ መሰበሩን ስትሰማ ደስ ብሏት ነበር፤ ይህንንም ከራሷ አልደበቀችም። አዛለችን ፀሐይ እስኪከር ድረስ አቆመቻት። ግማሹን ልስጥ፣ ግማሹን ልቅበር ብላም አሰበች። ግን እናቷ “ግማሽ አሚቾ ግማሽ እግር ነው” ይሉ ነበር። መቆፈሪያዋን አንስታ ወጣች፣ ሙሉውን አውጥታ ሰጠቻት። አዛለች ምርቃት ስትጀምር፣

“ተይው። ወተቱ እንዳይቀጥን ብቻ” አለቻት።

የባዩ እግር ዳነ፤ ግን አነከሰ። መንደሩ ወሬ አላጣም። ሙሀመድአወል “ጄሶው ቶሎ ስለወለቀ ነው” አለ። አንዳንዱ “በሐሰት የማለ ምን ይጠብቃል?” አለ። ሌላው ደግሞ “የውድነሽ አስታራ አርጅቷል” አለ፤ ውድነሽን ያንገበገባት ይኸኛው ነው። ዘሩ መጥፋቱ አንሶ ስሙም ጠፋ።

በዓመቱ፣ ዝናብ ሲጥል፣ ባዩ እያነከሰ መጣ። በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ አንድ እቅፍ ችግኝ ይዟል፤ ሥሩ ላይ ያለው አፈር እንኳ አልተራገፈም።

“እትዬ ውድነሽ፣ ግማሹን ነው የበላሁት” አለ። “አዛለችን ግማሹን ለእርስዎ ቅበሪ ያልኳት እኔ ነኝ።” ቀጥሎም፣ “ከብቶቹ የእኔ ነበሩ” አለ።

ውድነሽ ከችግኙ ይልቅ እግሩን ብዙ አየችው። ከዓመት በላይ የቋጠረችው ቂም ድንገት መያዣ አጣ፤ አዘነችለት።

“አንተ ሞኝ፣ ሙሉውን በልተህ የከብቶቹን እውነት ብትነግረኝ ምን ነበረበት?” አለችው። “በል ተቀመጥ። በዚህ እግርህ አትቆፍርም።”

መቆፈሪያዋን አንስታ ጉድጓዱን ራሷ ጀመረች፤ ባዩም ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ችግኙን አንድ በአንድ አቀበላት።