የሞተሩ ታላቅ ወንድም

ስማኝ አቤላ፣ ተቃጥያለሁ! የመኪናዬ ሞተር ሁለት ሺህ ሲሲ አይደል? ስካይዌይ ጋራዥ ያሉት መካኒክ ጋሼ ተስፋይ፣ «ፒስተን የሚያመላልሰውን ዘንግ፣ ክራንክሻፍቱን፣ ከታላቅ ወንድም ፈትቼ ልግጠምልህ፣ ፒስተኑ ረዘም አድርጎ ይመላለስና ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ይሆንልሃል» አሉኝ። ሶ እኔ የሞተሩን ዘመድ፣ ተለቅ ያለውን ሞተር ማለታቸው መስሎኝ «ይፍቱት!» አልኩ። እውነትም ልክክ አለ፣ ጉልበቱ ጉድ ነው! «ከየት አገኙት ጋሼ?» ብላቸው፣ «ከታላቅ ወንድምህ ከዮናስ ነዋ! ለፍሬን ብሎ ያቺን ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ሲሲ መኪናውን ሳምንት አቁሞልኝ አልነበር? ያንተን ትንሹን ገጥሜለት ትናንት ወሰዳት» አይሉኝም! ጮህኩባቸው። «አንተ አይደለህ እንዴ ይፍቱት ያልከኝ?» ብለው ጭራሽ እሳቸው ተቆጡ። ለዮናስ እንዴት ብዬ ልንገረው እያልኩ ስጨነቅ፣ ራሱ ኮል አደረገኝ። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «የጋሼ እጃቸው ይባረክ! ፍሬኑን ሠርተው ነዳጅ መጠጣቷንም ቀነሱልኝ!»